መጀመሪያ ዝንጀሮው ዝንጀሮ ይሁን

ከአዋሽ ተነስቶ በሚኤሶ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው፣ የቆላው ሜዳ አልቆ የጨርጨር ዳገት ሲጀምር የመኪናውን መስኮት ይዘጋል። ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ግራና ቀኙ ማሽላ፣ ጫትና ቡና ይሆናል። ከአዲስ አበባ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጭሮ ይገባል። የምዕራብ ሐረርጌ ዋና ከተማ የሆነችውን ጭሮን ዛሬም ብዙ ሰው በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ ይላታል። ሾፌሩ ለምሳ ያቆማል፣ ተሳፋሪው የሚሸምተውን ይሸምታል፣ ጉዞው ወደ ሂርናና ወደ ድሬዳዋ ይቀጥላል።

ቲያትር የሚወድ ሰው ግን እዚህ ወርዶ ቢቆይ ምክንያት አለው። አሰበ ተፈሪ የጨርጨር መቀመጫ ሆና የተቆረቆረችው በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ዘመነ ሹመት ነው። ፊታውራሪ በ1910ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አውራጃውን ሲረከቡ የተጣለባቸው ኃላፊነት ጨርጨርን ለሌላው ግዛት አርአያ የሚሆን አውራጃ ማድረግ ነበር። ታሪክ በብዙ ሥራ ያውቃቸዋል፦ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፤ የፋሺስት ጣልያን ወረራ ሲመጣ ጀኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተሟግተዋል። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጽፈው በዘመናዊ መልክ ተውኔት የደረሱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነዋል።

ፊታውራሪ በልጅነታቸው ወደ ራስ መኮንን ዘንድ ሐረር መጡ፣ የዐድዋን ዘመቻ ከሠራዊቱ ጋር አዩ፣ ከዚያም ወደ ሩሲያ ሄደው በመድፈኛ ትምህርት ሠለጠኑ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ አዲስ አበባ ውስጥ «ቲያትር» ተብሎ የሚታይ ትርኢት ተመለከቱ። ያዩት ዘፈንና ጭፈራ ነበር። ሰው ሌላውን ሰው ሆኖ የሚናገርበት፣ ነገር ተጠንስሶ የሚፈታበት መድረክ ለለመደ ዐይናቸው ያ ቲያትር አልሆነላቸውም። እናም ቲያትር ማለት ምን እንደሆነ በሥራ ለማሳየት ብዕር አነሡ። መነሻ ያደረጉት በላ ፎንቴን የታወቁትን የእንስሳት ተረቶች ነው። ተውኔቱ በቴራስ ሆቴል ለመኳንንቱና ለሹማምንቱ ቀረበ። በመድረኩ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው፤ የሚነገረው ግን የጊዜው አስተዳደር፣ ጉቦውና ኋላ ቀርነቱ ነው።

እስቲ ያን አዳራሽ እናስበው። ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ቅኔ የሚያውቁ፣ ከአዝማሪ ግጥም ውስጥ ስድቡን ነቅሰው ማውጣት ከልጅነት የለመዱ ናቸው። አውሬው ማን እንደሆነ ለመረዳት መጋረጃው እስኪዘጋ መጠበቅ አላስፈለጋቸውም። የሆነውም ይታወቃል። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ፣ ቅጂዎቹ ተሰበሰቡ፣ ቲያትርም እስከ 1923ቱ የንግሥ በዓል ድረስ ተዘግቶ ቆየ።

ይህ ታሪክ ሲነገር የሚጎላው ድፍረቱና እገዳው ነው፤ ሊጎላም ይገባል። እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ግን ከዚያ ሥር ያለው የሙያ ጥያቄ ነው። አንድ ገፀ ባሕርይ በአንድ ጊዜ ራሱንም ሌላ ነገርንም እንዴት ይሆናል? ተመልካቹ «ይህ እገሌ ነው» ብሎ ለመገመት ከቸኮለ አውሬውን ማየት ያቆማል። መድረኩ የእንቆቅልሽ መድረክ ይሆናል፤ መልሱ ሲታወቅ የሚቀር ነገር የለም። በተቃራኒው አውሬው አውሬ ብቻ ሆኖ ከቀረ ሰው ለምን ከቤቱ ወጥቶ ሊያየው ይመጣል? ከፊታውራሪ እስከ ዛሬዎቹ የትምህርት ቤት ክበባት ድረስ መድረክ ላይ የወጣ ሁሉ ይህ ጥያቄ ገጥሞታል።

ፊታውራሪ ሩሲያ በነበሩበት ዘመን ሌላ መልስ እየተወለደ ነበር። የሞስኮ የኪነ ጥበብ ቲያትር በፈረንጆቹ 1898 ተከፈተ፤ የቼኾቭን «ሲጋል» የተባለውን ተውኔት ባዘጋጀበት ሁኔታም የዓለምን የትወና ስልት ለወጠ። በዚያ ተውኔት አንድ ወጣት የተኮሰውን የባሕር ወፍ አምጥቶ ከሚወዳት ልጅ እግር ሥር ያኖራል። ወፉ የሞተ ወፍ ነው፤ ልጅቷም ምን ለማለት እንደፈለገ እንዳልገባት ትነግረዋለች። ትርጉሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ሕይወቷ ሲሰበርና ራሷን በዚያ ወፍ ስትጠራ። ቼኾቭ ትርጉሙን አስቀድሞ አልለጠፈበትም። ፊታውራሪ ግን ከሩሲያ ሲመለሱ ይህን ሳይሆን ተረቱን ይዘው መጡ፤ እኔ በምርጫቸው አልፈርድም። የሚያቀርቡለት ሕዝብ የሚያውቀው የታሪክ አነጋገር ተረት ነበር። ባዳ ከሆነ መልክ ይልቅ ቤተኛውን መረጡ።

ተረቱ ደግሞ በጨርጨር ቤተኛ ነው። በኢቱ ኦሮሞ ቤት ልጆች ምድጃ ዙሪያ ሲሰበሰቡ፣ በአማርኛ ተናጋሪው ቤት «ተረት ተረት» ሲባልና «የላም በረት» ተብሎ ሲመለስ፣ አንበሳው፣ ጅቡ፣ ቀበሮውና ጦጣዋ ሥራ ላይ ናቸው። ልዩነቱ አድማጮቹ እነዚህን አውሬዎች ከመጽሐፍ ሥዕል የሚያውቋቸው አለመሆናቸው ነው። የሂርና ልጅ የጅብ ድምፅ በየሌሊቱ ይሰማል። የገለምሶ ገበሬ ማሽላው ሲያፈራ ከዝንጀሮና ከወፍ ጋር ይዋጋል፤ ልጁን ወንጭፍ አስይዞ ማማ ላይ ያወጣዋል። እንዲህ ባለው አድማጭ ፊት አውሬውን እንደፈለጉ ማድረግ አይቻልም። ተራቹ ሲሳሳት ከልጆቹ አንዱ ያቋርጠዋል፦ «ጅብ እንደዚያ አያደርግም!»

ይህ እርማት መድረክ ላይ ምን እንደሚያደርግ ያየሁት እዚያው ጭሮ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የድራማ ክበብ ልምምድ ላይ ነው። አዳራሽ የላቸውም፤ ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተው መሐሉን መድረክ አድርገውታል። ተውኔቱን ማንም ለብቻው አልጻፈውም። አንዱ ሐሳብ ያመጣል፣ ሌላዋ ቃለ ተውኔቱን ትናገራለች፣ ሦስተኛው ደብተር ላይ ያሰፍራል፤ ሲግባቡ በኦሮምኛ፣ ሲጽፉ በአማርኛ፣ ሲከራከሩ በሁለቱም ነው። ታሪኩን ከተረት ወስደው ራሳቸው አዋቅረውታል፦ እንስሳቱ ተሰብስበው ዝንጀሮን የማሽላ ማሳ ጠባቂ አድርገው ይሾሙታል።

ዝንጀሮ የሆነው ልጅ ኮቱ ሥር ትራስ ወትፎ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ሆዱን እየነፋ ገባ። አነጋገሩ የስብሰባ አነጋገር ነው። ሁሉም ሳቁ። ሲደግመው የሳቁት ጥቂቶች ናቸው። ሦስተኛው ላይ ዝም አሉ። ልጁ ራሱ ገብቶታል፤ ወደ መምህሩ ዞሮ «ቲቸር፣ ምን ጎደለው?» አለ። መምህሩ ወደ ክፍሉ መለሱት።

ከኋላ የተቀመጠ፣ ከኩኒ በኩል የመጣ ልጅ ነው የመለሰው። «አቦ፣ ዝንጀሮ እንደዚህ አይሰርቅም! ማሳ ሲገባ መጀመሪያ አንዱ ድንጋይ ላይ ይወጣል። ማሽላውን አያይም፣ አንተን ነው የሚያይህ። የሚበላውም ተዝናንቶ አይበላም። ጉንጩን ይሞላል፣ በእጁ ሌላ ዘለላ ይይዛል፣ ዐይኑ ግን ከማማው አይነሳም። እናቲቱ ደግሞ ልጇን ሆዷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትገባው።»

ትራሱ ወጣ፣ መነጽሩ ወለቀ። ልጁ ዴስክ ላይ ቁጢጥ ብሎ እኛን ማየት ጀመረ። አንዲት ተማሪ ነጠላዋን ሆዷ ላይ አስራ እናቲቱን ሆነች። አሁን መድረኩ ላይ ያለው የተራበና የፈራ ፍጡር ነው። ጠባቂነቱን ለንጉሡ ለአንበሳ ሪፖርት የሚያደርግበት ቦታ ሲደርስ፣ ማሳው ደኅና መሆኑን ጉንጩ እንደተሞላ ተናገረ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሳቁ ሳያልቅ ደግሞ ከፊት የነበረች ልጅ «እኔ ግን አሳዘነኝ» አለች። ከዚያ ክርክር ተነሣ። አንዱ ሰፈሩ ውስጥ የሚያውቀውን ሹም አየበት። ሌላው ለልጆቹ ሲል የማይገባውን የሚወስድ አባት ነው አለ። አንዲቱ ደግሞ «እኛ ነን፤ ፈተና ላይ ስንኮርጅ ዐይናችን እንደዚያ ነው» አለች።

ትራስ የለበሰው ዝንጀሮ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ እሱንም ሁሉም ከመግባቱ በፊት ያውቀው ነበር። የኩኒው ልጅ ዝንጀሮ ስለ ሹም አንዲት ቃል ሳይናገር ሹሙንም፣ አባቱንም፣ ተማሪውንም ሆነ። ተምሳሌቱን ያገዘፈው ስለ ዝንጀሮው የተነገረው እውነት ነው።

የቅኔ መምህራን ይህን ከጥንት ያውቁታል። ስለ ሰምና ወርቅ ስንናገር ሁላችንም ወርቁን እናወድሳለን፤ ተማሪው መምህሩ ፊት ቆሞ ሲቀኝ ግን ሰሙም ይመረመራል። ሰሙ በራሱ ሙሉ ሐሳብ ካልሆነ፣ ለወርቁ ሲባል ብቻ የተገጣጠመ ቃል ከሆነ፣ ቅኔው ይበላሻል። ለመድረክም ሕጉ ያው ነው ብዬ አምናለሁ።

ከታላላቆቹ ተውኔቶቻችን አንዱ ይህን በጉልህ ያሳያል። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት ከተገደሉ ወዲህ ለኢትዮጵያ የሰማዕትነት ምልክት ናቸው፤ ሐውልትም ቆሞላቸዋል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን ሲጽፍ ምልክቱ ተጠናቆ ይጠብቀው ነበር። ሐውልቱን መድረክ ላይ አቁሞ ማናገር ይችል ነበር። እሱ ግን ብቻውን የቀረ፣ የፈራ፣ ፍርሃቱንም የሚናዘዝ ሰው አቀረበልን። ተመልካቹ ጴጥሮስን የሚያከብረው መፍራቱን ካየ በኋላ ነው፤ ያልፈራ ሰው የሚያሸንፈው ነገር የለውምና። በእኔ ግምት በአማርኛ መድረክ ሰውነትና ተምሳሌትነት ከዚህ በተሻለ የተጋጠሙበት ሥራ ጥቂት ነው።

ልጅነቱን ሐረር ያሳለፈው መንግሥቱ ለማ በሌላ በር ገባ። በ«ያላቻ ጋብቻ» እና በ«ጠልፎ በኪሴ» የሚያቀርባቸው ሰዎች ሲያዩዋቸው ማንንም የሚወክሉ አይመስሉም። ያገባሉ፣ ይጣላሉ፣ ያስቃሉ። ስቀን ስንጨርስ ግን የመደብ ልዩነት፣ የተማረውና ያልተማረው፣ አሮጌውና አዲሱ ኢትዮጵያ ሲጋጩ እንደነበር ይገባናል። የፊታውራሪ ልጅ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» የተባለው ልብ ወለድ ደግሞ በሌላው ጽንፍ ነው፤ ባለ ታሪኩ የአዲሱ ትውልድ ምሳሌ እንዲሆን ከመነሻው ስለተጫነበት ሰውየው ከሸክሙ ሥር ሲያጎነብስ ይሰማኛል። በደርግ ዘመን በየአውራጃውና በየቀበሌው የነበሩት የኪነት ቡድኖች ጉዳይ ከዚያም ይከፋል። ወዛደሩ መዶሻ፣ ገበሬው ማጭድ ይዞ ይወጣል፤ ስሙ ማን እንደሆነ፣ ማታ ምን እንደሚበላ ማንም አይጠይቅም። ብዙ ጎበዝ ሙዚቀኛና ተዋናይ ከእነዚያ ቡድኖች ወጥቷል፤ ከመፈክሩ ውስጥ ግን አንድም ሰው አብሮን አልኖረም።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ያው ነገር በኤችአይቪ ድራማዎች ተመለሰ። ጥቁር የለበሰ፣ ፊቱን ጭምብል የሸፈነ ልጅ «እኔ ኤድስ ነኝ» እያለ ይገባ ነበር። ጭነት መኪናዎች በሚያድሩባቸው ከተሞች ሾፌሩና የቡና ቤት ሴቷ እንደ በሽታው ራሱ ተደርገው ሲሣሉ አይተናል። ጭምብሉ ሕፃናትን አስፈራ፤ ታማሚውን ከጎረቤቱ ከመለየት በቀር ግን ያስተማረው ነገር አይታየኝም።

በዚያው ዘመን የተሻለው መንገድ በሬዲዮ መጣ። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር በአማርኛ ያቀረበው «የቀን ቅኝት» ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች ተላለፈ፤ በኦሮምኛ ደግሞ «ዲምቢባ» ይቀርብ ነበር። ስልቱ የሜክሲኮው ሚጌል ሳቢዶ ነው። በሳቢዶ ስልት ደጉና ክፉው ገፀ ባሕርይ በግልጽ ይታወቃሉ፤ እስከዚህ ድረስ ከተረት አይለይም። ከሁለቱ መካከል ግን የሚወላውል ሰው አለ፤ ዛሬ ይወስናል ነገ ይፈርሳል፣ ጓደኛ ያሳስተዋል፣ ይጸጸታል። አድማጩ የሚከተለው እሱን ነው። ለፕሮግራሙ በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች የጎረፉትም ሰው ስለ ገፀ ባሕርያቱ ስለ ፍቅርቴና ስለ ዳምጤ እንደ ጎረቤት መጨነቅ ስለጀመረ ነው። ትምህርቱ ከዚያ ጭንቀት ጋር ተሳፍሮ ቤት ገባ።

አንድ ሰው ብቻውን ሲጽፍ ይህን ሚዛን ራሱ ይጠብቀዋል። ብዙ ሆነው ሲደርሱት ግን አደጋው ይበዛል፤ የጭሮዎቹን ልጆች ያየሁበት ዋና ምክንያትም ይሄው ነው። በጋራ ድርሰት እያንዳንዱ መልእክቱን ይዞ ይመጣል። አንዷ ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ እንዲነገር ትፈልጋለች፣ አንዱ ስለ ሱስ፣ ሌላው ስለ አካባቢ ጥበቃ። ሁሉም መልእክቱን በአንድ ገፀ ባሕርይ ጀርባ ላይ ካሰረ ገፀ ባሕርዩ መራመድ ያቅተዋል። መምህሩ ለዚህ ያመጡት መላ ቀላል ነው። ተማሪ ስለ ገፀ ባሕርዩ ሐሳብ ሲያቀርብ «ምንን ይወክላል?» ብለው አይጠይቁም። የሚጠይቁት «ዛሬ ጠዋት ምን በላ? ማንን ይፈራል? አሁን ምን ይፈልጋል?» ብለው ነው። ሐሳብ ያቀረበው ልጅ እነዚህን መመለስ ካልቻለ ሐሳቡ ለጊዜው ይቆያል። ስለ ትርጉሙ የሚነጋገሩት ልምምዱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔም ማንም የመጨረሻውን ቃል እንዲናገር አይፈቀድለትም። ቲያትር ቤቶቻችን ውስጥ በንባብ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚባክነውን ሰዓት ሳስብ ይህን መላ ወደ አዲስ አበባ ይዤው መሄድ ያምረኛል።

በዚሁ ዞን፣ በበዴሳ በኩል፣ ኦዳ ቡልቱም አለ፤ ኢቱና ሑምበና በገዳ ሥርዓት የሚሰበሰቡበት፣ ሕግ የሚያወጡበት ስፍራ። ጭሮ ያለው ዩኒቨርሲቲም ስሙን ከዚያ ወስዷል። ኦዳ ዛፍ ነው። ጥላ አለው፣ ፍሬ አለው፣ ከብት ያርፍበታል። ሽማግሌዎቹ ሰላምን፣ ሕግንና አንድነትን በእሱ ያዩት ሥሩ ተቀምጠው፣ ፀሐይ ከልሎላቸው፣ ተከራክረው ስለታረቁበት ነው። ጥላ የማይሰጥ ዛፍ ምልክት ሊሆን ይችል እንደነበር እጠራጠራለሁ። የአካባቢው ወጣት ደራስያን ከዚህ የሚቀርብ ትምህርት ቤት የላቸውም።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ከረጅም የስደት ዓመታት በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ኑሯቸውን ያደረጉት ከዚያው ከጨርጨር፣ ሂርና ካለው እርሻቸው ላይ ነው። በ1969 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ሕይወታቸውን ጻፉ፤ መጽሐፉም በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። የመጀመሪያው ተውኔታችን ደራሲ የገዛውና ያረሰው አገር ይህ ነው፤ ይህንን ግን የአካባቢው ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ሲሰማው አላየሁም።

ስለዚህ ለምዕራብ ሐረርጌ ዞን ባህልና ቱሪዝም፣ ለኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲና ለጭሮ፣ ለሂርና፣ ለገለምሶና ለበዴሳ ትምህርት ቤቶች አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። «ፋቡላ» በደራሲው ከተማ ይታይ። በአማርኛም በኦሮምኛም ይዘጋጅ፤ ልምምዱ ላይ የአዲስ አበባ ባለሙያ ብቻ ሳይሆን ማማ ላይ ያደጉ ልጆችና ተረት የሚያውቁ እናቶች ይቀመጡ፣ «እንደዚያ አያደርግም» የማለት መብትም ይኑራቸው። አዳራሽ ከጠፋ ዴስክ ገፍቶ መጀመር እንደሚቻል የጭሮ ልጆች አሳይተውናል። ተውኔቱን ለመጀመር የሚያስፈልገው የአንድ ርዕሰ መምህር ፈቃድና የአንድ መንፈቅ ትጋት ነው።